የአፍሮ አይገባ ሚዛን

ስለ ላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል የተጻፈውን እየለቀምኩ ሳነብ አንድ ነገር ይገርመኛል። አብዛኛው ጽሑፍ አጀማመሩ አንድ ነው፤ ክብደቱ ሰባት ኪሎ፣ ዕድሜው ስምንት መቶ ዓመት። አንዱ ወርቅ ሲለው ሌላው ነሐስ ይለዋል፤ ኪሎውን ሳይጠራ የሚያልፍ ግን ጥቂት ነው። አንድ ቅርስ ስሙ ገና ከመነሳቱ ሚዛን ላይ የሚወጣው ለምን ይሆን? እንዲህ የሚያደርግ እኔ የማውቀው ነጋዴ ነው።

ነጋዴ ካልኩ አይቀር፣ በአውሮፓ የጨረታ ቤቶች ካታሎግ ውስጥ በወርቅ የተለበጠ የፈረንሳይ ነሐስ የገበታ ጌጥ አይጠፋም። በግብዣ ጠረጴዛ መሐል የሚዘረጋ፣ ወለሉ መስታወት፣ ዙሪያው በትናንሽ ምስሎች የታጀበ ዕቃ ነው። ፕሬዚዳንት ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1817 ለዋይት ሀውስ ከፈረንሳይ ያስመጡት ዛሬም እዚያው አለ፤ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከአራት ሜትር ያልፋል። በዚያ ዘመን ወርቁ ከሜርኩሪ ጋር ተዋሕዶ ነሐሱ ላይ ይቀባና ሜርኩሪው በእሳት እንዲተን ይደረግ ነበር። ጢሱ የሠራተኛውን ጤና ያቃውስ እንደነበር ካታሎግ አያነሳም። የሚያነሳው የባለቤቶቹን ስም ነው፤ ከመስፍን እገሌ ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ ባሮን እገሌ። ስም በተጨመረ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል።

የእኛ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። አፍሮ አይገባን ትውፊት ከራሱ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዘዋል። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የባለቤት ስም ይፈለጋል? ነገር ግን መስቀሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ሲሰረቅ ይኸው ስም ለሻጩ ዕዳ ሆነ። በአደባባይ «የላሊበላ ነው» ብሎ መሸጥ አይቻልማ! በመጨረሻ ቤልጅግ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ አገሩ ተመለሰ።

ስሙንስ ልብ ብለን ሰምተነዋል? «አፍሮ አይገባ» ስለ ብረቱም ስለ ንጉሡም አንዲት ቃል አይናገርም። የሚናገረው ሊማጸን ስለመጣው ሰው ነው፤ ለምኖ አፍሮ ወደ ቤቱ አይገባም ማለት ነው። የፈረንሳዩ ጌጥ ክብሩን የሚያገኘው ከጌታው ነው፤ ይህኛው ስሙን ያገኘው ከለማኙ። ሕመምተኛ የሚዳሰስበትን መስቀል «ሰባት ኪሎ ወርቅ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ጸሐፊ፣ ሳያውቀው የሌባውን ሥራ ያቀልለታል ብዬ እከራከራለሁ። ሌባውም ከስሙ ለይቶ ዕቃ ሊያደርገው ነው የደከመው።

(ካህናቱ ከካሜራ ብልጭታ ዓይናቸውን ለመከላከል ጥቁር መነጽር አድርገው መስቀል ይዘው የቆሙበትን ፎቶግራፍ ያላየ የለም። የሚያላግጡ አሉ፤ እኔ ግን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበራባቸው ሳስብ ሣቁ አይመጣልኝም። ደግሞም ብዙ የተነሳ መስቀል የትም ቢደበቅ የሚያውቀው አይጠፋም።)

የሚያሳስበኝ ፎቶ የማያነሳው ነው። አሸተን ማርያም፣ ገነተ ማርያም፣ ብልባላ ቂርቆስና ሌሎችም የላስታ አብያተ ክርስቲያናት ውጭ አገር ቢታዩ ማንም የኔ ናቸው የማይላቸው ንዋያተ ቅድሳት አሏቸው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። ታዲያ መዝጋቢው ሜትርና ሚዛኑን ይዞ ሲወጣ ቄሰ ገበዙን ሌላም ይጠይቅልን፤ የአካባቢው ሰው ይህን መስቀል ማን ብሎ ነው የሚጠራው? በየትኛው በዓል ይወጣል? የተሳለስ ሰው ከየትኛው መንደር ይመጣል? መልሱን ከክብደቱ በላይ ይጻፈው።