ድምፅን በቁልፍ ላይ ስለ መደልደል፦ በአንድ የቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ሒስ

‹‹ሳምፕለር›› የተባለውን፣ የተቀዳ ድምፅ በኪቦርድ ቁልፎች ላይ እያሰለፈ የሚያጫውት የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአማርኛ ለማስተማር የተዘጋጀ አንድ የቃላት ዝርዝር በቅርቡ ደርሶን ተመልክተነዋል። አዘጋጆቹ ቀዳሚ ሥራ በሌለበት መስክ መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም ከዝርዝሩ ቃላት አንዳንዶቹ ተማሪውን ከማስተማር ይልቅ የሚያሳስቱ ሆነው ስላገኘናቸው አስተያየታችንን በግልጽ ለማቅረብ እንወዳለን።

አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራው ፌርላይት የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣ ወዲህ ‹‹ሳምፕል›› የሚለው ቃል በሙያው ውስጥ ሁለት ትርጉም ይዞ ቆይቷል። አንደኛው የድምፁ ሞገድ በአንዲት ቅጽበት ሲለካ የሚገኘው ነጠላ መጠን ነው፤ በሙዚቃ ሲዲ ላይ ይህ ልኬት በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው ደግሞ ከእነዚህ ልኬቶች የተገነባው ሙሉ ድምፅ ነው። ዝርዝሩ ሁለቱንም ‹‹ናሙና›› ስላላቸው፣ ‹‹የአንድ ሰከንድ ናሙና 44,100 ናሙና አለው›› የሚል ዓረፍተ ነገር ተወልዷል። የባዕዱን ቋንቋ ጉድለት አብሮ መውረስ ግድ አይደለም። ‹‹ናሙና›› ለነጠላው ልኬት ይሁን፤ ሙሉው ድምፅ ‹‹ቅጂ›› ይባል። ቅጂ የጽሑፍ ግልባጭንም ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ለዚያ ‹‹ግልባጭ›› የተባለው ቃል ራሱ አለን።

ቅጂዎቹን ለቁልፎች ማከፋፈል በዝርዝሩ ውስጥ ‹‹ካርታ ሥራ›› ተብሏል። ካርታ የምድር ሥዕል ነው፤ እዚህ ግን የሚሣል ነገር የለም። የሚሠራው ለእያንዳንዱ ቅጂ ከየት እስከ የት እንደሚደርሰው መወሰን ነው፤ ይህንንም መሬት ሲከፋፈል ያየ ሁሉ ‹‹ድልድል›› ይለዋል። ቅጂው የሚሸፍነው የቁልፍ ስፋት ‹‹ክልል›› መባሉም አልጣመንም። ቃሉ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ አስተዳደራዊ ትርጉሙ ሌላውን ውጦታል። ‹‹ወሰን›› ብንለው ‹‹የታች ወሰን›› እና ‹‹የላይ ወሰን›› ለማለትም ይመቻል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ‹‹ዋና ቁልፍ›› ነው። ይህ ስም የተሰጠው ቅጂው ሳይፈጥንና ሳይዘገይ፣ እንደ ተቀዳ ለሚሰማበት ቁልፍ ነው። ዋና ቁልፍ ሲባል የሙዚቃ ተማሪ የሚያስበው የዜማውን መነሻና ማረፊያ ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የሚዲ ስምምነት ቁልፎች ከ0 እስከ 127 ተቈጥረዋል፤ መካከለኛው ‹‹ዶ›› 60ኛው ነው። በ62 ልክ የተቀዳን ድምፅ ተማሪው በስሙ ተሳስቶ 60 ላይ ቢያሰፍረው፣ በወሰኑ ውስጥ ያለው ቁልፍ ሁሉ በሁለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ይጮኻል። ተማሪውም መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። ‹‹የቅጂው መገኛ ቁልፍ›› ቢረዝምም አያሳስትም።

የስም አወጣጡ ጣጣ ከትምህርት ክፍል አልፎ ይሄዳል። ቅጂው ከመገኛው በራቀ መጠን ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ በ12 ግማሽ ድምፅ ከፍ ሲል ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ የአራት ሰከንዱም ድምፅ በሁለት ሰከንድ ያልቃል። የበገናን አንድ አውታር ቀድቶ በሰፊ ወሰን የደለደለ ሰው፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል ያለው እንዝራ የሚፈጥረው ንዝረትም አብሮ እንደሚፈጥን ይሰማል፤ ያ ድምፅ በገና መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ለዐሥሩ አውታር ዐሥር ቅጂና ጠባብ ጠባብ ወሰን ያስፈልጋል። የዝርዝሩ አዘጋጆች ይህን የሚያስረዱበት አንቀጽ ላይ ‹‹የድምፅ ከፍታ ማስተካከያ›› የሚል ሐረግ መጠቀማቸው አስገርሞናል። ክራር መቺው ሁሉ ‹‹መቃኘት›› ሲል የኖረውን ምን አስረሳቸው? ቅኝት የትዝታና የባቲ ስልት ስም ጭምር መሆኑን ፈርተው ከሆነ፣ ግሡ አያሻማም፤ ‹‹ቅጂውን ቃኘው›› ቢባል የማይገባው የለም።

ቁልፍ ሲመታ የሚለካውን፣ ከ1 እስከ 127 የሚቈጠረውን መጠን ‹‹ፍጥነት›› ማለትም እንዲሁ ነው። እርግጥ መሣሪያው የሚለካው ቁልፉ የወረደበትን ፍጥነት ነው፤ ነገር ግን በሙዚቃ ፍጥነት ሌላ ነገር ነው። ‹‹ምት›› እንዳንለው ደግሞ እሱም ተይዟል። ለጊዜው ‹‹የአመታት ኃይል›› እንላለን፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ።

‹‹ኪቦርድ››ን በተመለከተ ሙዚቀኛው የለመደው ቃል ባለበት ይቈይ። ዝርዝሩ ‹‹የፊደል ገበታ›› ብሎታልና፣ ይህን ያነበበ ጀማሪ በገበታው ላይ የሚፈልገው ሀሁን ነው።