ንስር ስላለበት ብቻ «የጣሊያን ነው» አትበሉ

እስቲ አስቡት፦ አሶሳ ውስጥ ከአያት ሣጥን አንድ ቢጫ ዓርማ ወጣ እንበል። ክንፉን የዘረጋ ንስር አለበት፤ ከንስሩ ራስ በላይ ደግሞ ዘውድ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ይሄማ የጣሊያን አብራሪ ዓርማ ነው!» ብሎ ይደመድማል። ፎቶውን በስልክ ብትፈልጉም ያው መልስ ሊመጣ ይችላል።

ግምቱ መነሻ አለው። ጣሊያኖች አሶሳን ይዘዋት ነበር፤ ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣው ጦር መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አስለቀቃቸው። የያኔው የጣሊያን ወታደራዊ አብራሪ ዓርማም ዘውድ ያለበት ንስር ነበር። ችግሩ ያለው አካሄዱ ላይ ነው፤ ታሪኩን ቀድመን መርጠን ዕቃውን በግድ እንከተዋለን።

ንስሩ ብዙ አይነግራችሁም። ንስርና ክንፍ የማይወድ አየር ኃይል የት አለ? ዘውዱን ተመልከቱ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1946 በሕዝበ ውሳኔ ንጉሣዊ አገዛዟን ሻረች፤ ከዚያ በኋላ በንስሩ ላይ የነበረው የንጉሥ ዘውድ በግንብ ቅርጽ ዘውድ ተተካ። እናም ዘውዱ እንደ ጎንደር ግንብ አናት ጥርስ ጥርስ ካለው፣ የጣሊያን ቢሆን እንኳ አሶሳ በተያዘችበት ጊዜ ገና አልተሠራም።

ዘውድ ያለበት ሁሉ የውጭ ነው ማለትም አይቻልም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ አውሮፕላኗን ያገኘችው በ1921 ዓ.ም. ነው፤ ዘውዳዊው ሥርዓት የቆየው ደግሞ እስከ 1967 ዓ.ም.።

ሌላው ስህተት የከፋ ነው። ቤኒሻንጉል የወርቅ አገር ስለሆነ «ወርቅ ይሆን?» ብሎ በሞረድ መፋቅ ይመጣል። ቆይ! ከጀርባው ያለው የሠሪው ማኅተም በዚሁ ሊጠፋ ይችላል። ሳትፍቁ መለካት ትችላላችሁ። ዓርማውን መዝኑት። ከዚያ ውኃ የያዘ ኩባያ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ዓርማውን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ፣ ውኃው ውስጥ አጥልቁት። ሚዛኑ የጨመረው ግራም የዓርማው ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ዓርማው 17 ግራም መዝኖ ሚዛኑ በ2 ቢጨምር፣ 17 ለ2 ሲካፈል 8.5፤ ይህ የነሐስ መጠን ነው። ንጹሕ ወርቅ 19.3 አካባቢ ይሆን ነበር። ልኬቱ ብረቱ ምን እንደሆነ ይጠቁማል፤ የማን እንደነበር ግን አይናገርም።

ለዚያ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከየት መጣ? ማን አስቀመጠው? ከምን ጋር ተገኘ? መልሱን ከነተናጋሪውና ከነቀኑ ጻፉ፤ የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንሱ፤ አትወልውሉት።

ምክንያቱም ዓርማው የአያት የራሳቸው ሊሆን ይችላል። በአየር ኃይል አገልግለው ይሆናል፤ ወይም ጓደኛ ሰጥቷቸው ይሆናል። ቸኩለን «የጣሊያን» ብለን ከለጠፍንበት፣ በራሳችን እጅ ከቤታችን ታሪክ አንድ ሰው እናወጣለን።