ሞትን በከረጢቱ የያዘ ስም

የኩንሌ አፎላያንን «አኒኩላፖ» (2022) ሁለት ጊዜ አየሁት። ሁለተኛውን ለስሙ ስል ነው። በዮሩባ ቃሉ አንድ ሙሉ ሐሳብ ነው፦ «ሞትን በከረጢቱ የያዘ»። ኢኩ ሞት፣ አፖ ከረጢት።

ፌላ ኩቲ በ1970ዎቹ «ራንሶም» የባሪያ ስም ነው ብሎ ሲጥል በቦታው ያስገባው ይህንኑ ነው። ራንሶምን የወሰዱት ቄሱ አያቱ ናቸው፣ ከአንድ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ። ልጁ ፌሚ ደግሞ መድረክ ላይ ኩቲ ብቻ ነው። እንግዲህ «አኒኩላፖ የሚባል ሰው ስንት ነው?» ብላችሁ ብትቆጥሩ ከዚህ ቤት ማንን ልትይዙ ነው? ኮድ ስለምጽፍ ነገሩ ያመኛል፤ ዳታቤዝ ሲሠራ ስም አይቀየርም ተብሎ ነው የሚጀመረው።

ፊልሙ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ሸማኔው ሳሮ ስሙን ከማንም አይወርስም፤ ሙታን ሲያስነሳ ነው የሚጠራበት። የማልወድለት፣ የኦዮን ቤተ መንግሥት ጌጥ ሲያሳየን ቆይቶ ቆይቶ፣ ስሙ ሰውየውን እንዴት እንዳሰከረው ግን በሩጫ ያልፈዋል። ቢሆንም መጨረሻ ላይ ኃይሉ ይከዳዋል፣ ስሙ ብቻውን ይቀራል። እዚያ ጋ ደነገጥኩ።

እኔም ሥራ ስይዝ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን የአባቴን ስም ሞላሁ፣ ሌላ ምን ልጻፍ? አሁን ስብሰባ ላይ የሚጠሩኝ በሱ ነው። ለአባቴ ስነግረው ሳቀ።

«ታዲያ አንተ የት ሄድክ?» አለኝ።