ቅኔ የማይገባው ኮምፒውተር

ከመርሳ ወልድያ የሚመላለሰው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ድረ ገጽ መስበር እየተማርኩ ነው» ሲለኝ ደነገጥኩ። መስበር ማለቱ መፈተሽ ነው፤ ሌባ ሳይቀድም በሩን እየነቀነቁ ማየት። አስተማሪህ ማነው ብለው ላፕቶፑን አሳየኝ።

እናላችሁ፣ በድሮው ልማዴ ልገመግም ቁጭ አልኩ። ዳፊድ ስታታርድ የተባለ ሰው በዚህ ሙያ ላይ ከባልደረባው ጋር ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል፤ ሁለተኛው እትም የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በሦስተኛው እትም ፈንታ ፖርትስዊገር በተባለው ኩባንያው በኩል በ2019 እ.ኤ.አ. ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ከፈተ። ጥቂት ታነባለህ፤ ከዚያ ሆን ተብሎ እንከን የተተወበት ድረ ገጽ ይሰጥህና ሰብረህ ታሳያለህ። ማስታወሻ ስናስቀዳ ለኖርን መምህራን ያሳፍራል።

የማረከኝ አንዱ ትምህርት ነው። ስም በሚሞላበት ሳጥን አንዲት የጥቅስ ምልክት ስትገባ፣ ከሷ በኋላ ያለውን ጽሑፍ ያልተጠነቀቀ ፕሮግራም ትእዛዝ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ይቺ ምልክት ኅብረ ቃል አይደለችም እንዴ? ሰሙ ስም፣ ወርቁ «የሁሉንም መዝገብ አውጣ»። የዋሸራ ተማሪ ሳይነገረው ይገባው ነበር።

ግን ትምህርቱ መስመር ለማይቋረጥበት ሰው የተሰናዳ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ፣ ለስንቱ የወልድያ ልጅ ይህ ትምህርት ቤት አልነበረም። የኦዋስፕ «ጁስ ሾፕ» በዚህ ይሻላል፤ አንዴ ካወረዱት በገዛ ላፕቶፕ ላይ ያለ መስመር ይሠራል። (የመርሳ ልጅ ጁስ ቤት ቢማር ምን ይገርማል!)

የከበደኝ ሌላ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ሲዛባ ሰዎች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣ ገለጸ። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ብሏል ራሱ። ቀዳዳውን ያዩት ወጣቶች ተሰለፉ እንጂ ጎበዝ፣ ለማን ይናገሩ? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ይቀጣል፤ ተገቢ ነው። ብዙ የውጭ ኩባንያዎች ግን «ይህን ፈትሹ፣ ያን አትንኩ፣ ያገኛችሁትን ላኩልን፣ እንከፍላለን» ብለው ፈቃዱን በግልጽ ይለጥፋሉ።

«ጋሼ፣ የአንዱን መሥሪያ ቤታችንን ገጽ ብሞክረውስ?» አለኝ ልጁ።

«ፈቃድ ሳይሰጡህ? ጁስ ቤትህ ውስጥ ቆይ!»

«ፈቃዱን ማንን ልጠይቅ?»

እስካሁን እያጠያየቅሁለት ነው።