ጅማትና ሙጫ

መጽሐፍ እጠርዛለሁ። በጎጃም፣ በፈረስ ቤት ዙሪያ ወደ እኔ የሚመጣው ከእጅ እጅ ሲዞር ጀርባው የተላቀቀ፣ ሽፋኑ የወደቀ መጽሐፍ ነው፤ ዳዊት፣ የተማሪ መማሪያ፣ ልብ ወለድ። የተጎሳቆለ መጽሐፍ ያስደስተኛል፤ ብዙ ሰው አንብቦታልና።

ሙያውን የጀመርኩት በብራና ነው። አራት የብራና ቁራጭ ይታጠፍና ስምንት ቅጠል ያለው ጥራዝ ይሆናል፤ እጥፋቱ በወስፌ ይበሳና በጅማት ወይም በክር ይሰፋል። ክሩ ከአንዱ ጥራዝ ወደ ሌላው እየተቆላለፈ ሄዶ በሽፋኑ የእንጨት ገበታ ቀዳዳ ይታሰራል። ጀርባውን ሙጫ አይነካውም፤ ስለዚህ ሲገልጡት በደንብ ይዘረጋል። ዕድሜውን ያረዘመው ይህ ስፌት ነው። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፈጅ ስለነበር ተራ ገበሬ የራሱ መጽሐፍ ይኖረው ዘንድ አይታሰብም ነበር።

ይህን የለወጠው ኅትመት ነው። የግእዝ ዳዊት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1513 ሮም ላይ ታተመ። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ካይሮ ተቀምጦ የተረጎመው ደግሞ አቡ ሩሚ የሚባል የእኛው የጎጃም ሰው ነው፤ እሱ ካረፈ በኋላ በዚያው አቆጣጠር በ1840 በእንግሊዞች እጅ ሙሉው ታተመ። አገራችን ላይ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ያልቆጠረው ገበሬም ደብተር ይዞ ተቀመጠ።

ከሁሉ በላይ ለጥገና የሚመጣልኝ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። አያስገርምም፤ የመጽሐፉ ባለታሪክ የበዛብህ አገር ማንኩሳ እዚሁ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቶታል።

ጥገናው ላይ የምጨነቀው እጥፋት በሌለው መጽሐፍ ነው። አሮጌ እትሞች ብዙዎቹ በክር የተሰፉ ስለሆኑ ክሩን ለውጬ በአቡጀዲ ጀርባቸውን እጠግናለሁ፤ ይበቃቸዋል። የዛሬዎቹ ግን እጥፋታቸው ተቆርጦ ቅጠሎቹ በሙጫ ብቻ የተያዙ ናቸው። ሙጫው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይረግፋል። የደረቀውን ሙጫ በቢላ ፍቄ ቅጠሎቹን ከጎን በወስፌ በስቼ ብሰፋቸው ስፌቱ የውስጡን ኅዳግ ይወስደዋል፤ በቀኝ ገጽ የየመስመሩ የመጀመሪያ ፊደል ይዋጣል፣ በግራው የመጨረሻው። ተማሪው ቃሉን እየገመተ ያነባል።

አንድ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ከተማ ላይ ለራሱ ይገዛ ይሆናል። ገጠር ላይ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚገዛው። አሳታሚዎችና አታሚዎች፣ ይህን አስቡልን፤ የምትችሉ በክር ስፉልን። ወጪው ከከበዳችሁ ደግሞ የውስጡን ኅዳግ ሁለት ጣት ያህል ተዉልን፤ ቀሪውን እኛ ጠራዦቹ እንሠራዋለን።