ረቂቅ የሌለው ደራሲ፦ የደራስያን የግል ወረቀቶችና ሂሳችን

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሂስ ከታተመ መጽሐፍ ተነሥቶ ወደ ታተመ መጽሐፍ የሚመለስ ነው። ሐያሲው ልቦለዱን ያነባል፤ ስለ ገጸ ባሕርያቱ፣ ስለ ትልሙ፣ ስለ ቋንቋው ይጽፋል። ደራሲው ያንን ሥራ እንዴት እንደ ሠራው፣ ምን ጽፎ ምን እንደ ሰረዘ ሲጠየቅ ግን የሚያቀርበው ማስረጃ ደራሲው ለጋዜጣ የሰጠው ቃለ ምልልስ ወይም ከወዳጆቹ የተሰማ ወግ ነው። በበኩሌ ይህ ድህነት ከሐያስያኑ ስንፍና ብቻ የመጣ አይመስለኝም። የደራስያን ረቂቆች፣ ደብዳቤዎችና የማስታወሻ ደብተሮች ወደ ምርምር ቤተ መጻሕፍት የሚገቡት ከስንት አንዴ ነው፤ የገቡትም ቢሆኑ አጥኚ ሊጠቀምባቸው በሚችል መልክ ተዘርዝረው የሚገኙት ጥቂቶቹ ናቸው።

ከቀደምቱ ልጀምር። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1916 ዓ.ም. ሲታተም ጸሐፊው በሕይወት አልነበሩም። ስለ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ የሚጠቅሰው ይህ ሥራ ለእኛ የደረሰው ረቂቁ ከእሳትና ከአይጥ ተርፎ ከማተሚያ ቤት ስለ ገባ ነው። የዮሐንስ አድማሱ ግጥሞችም «እስኪ ተጠየቁ» ተብለው በ1990 ዓ.ም. የታተሙት ገጣሚው ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲሆን፣ ያዘጋጃቸው ወንድሙ ዮናስ አድማሱ ራሱ የሥነ ጽሑፍ መምህርና ሐያሲ ነበር። ስንቱ ቤተሰብ ነው እንዲህ ያለ ወንድም ያለው?

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። «ሌቱም አይነጋልኝ» መጽሐፍ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ለአሥርታት ዓመታት በቅጂ ከአንባቢ ወደ አንባቢ ሲዘዋወር ኖሯል። በየእጁ ሲገለበጥ የተዘለለ መስመር፣ የተለወጠ ቃል፣ ገልባጩ አፍሮ የተወው ሐረግ አይኖርም ማለት አይቻልም። እንግዲህ ሐያሲው ስለ ስብሐት ቋንቋ ሲጽፍ የማንን ቃል ነው የሚመረምረው? የግእዝ ድርሳናትን የሚያጠኑ ባልደረቦቻችን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳይመልሱ አንድ እርምጃ አይራመዱም። ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው በአሜሪካ ሚኒሶታ ከተቀመጡና ጌታቸው ኃይሌን የመሳሰሉ ሊቃውንት ካታሎግ ካዘጋጁላቸው ወዲህ አንድን ገድል በአምስትና በስድስት ቅጂ ማስተያየት የተለመደ ሥራ ሆኗል። የሚገርመው፣ ስለ ዘመናዊ ልቦለድ ሲሆን ሁለት ረቂቅ አምጡልኝ የሚል አጥኚ አለመኖሩ ነው።

የረቂቅን ነገር ይበልጥ የሚያከብደው ሳንሱር ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን እስኪያስቀር ድረስ ደራሲ ሥራውን ከማሳተሙ በፊት ለመርማሪ ማቅረብ ነበረበት። ምልክት ተደርጎበት የተመለሰ ረቂቅ ሁለት እጆች የሚታዩበት ሰነድ ነው። መርማሪው ያሰመረበትን ቃል ደራሲው በምን ተካው? ተካው ወይስ ሙሉ አንቀጹን አወጣው? ከዚያ ሁሉ በፊትስ፣ መርማሪውን አስቦ ገና በመጀመሪያው ጽሕፈት ላይ የተወው ምን ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው የመርማሪው እጅ ካልነካው ከመጀመሪያው ረቂቅ ብቻ ነው። የዘመኑን ልቦለዶች «በተምሳሌት የተነገሩ» እያልን ስንተች ተምሳሌቱ የደራሲው የጥበብ ምርጫ ይሁን የመርማሪው ፍራቻ ያስገደደው መሸሸጊያ ለይተን አናውቅም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ስለ መጽሐፉ የተጻፈው አብዛኛው ገጸ ባሕርያቱ እነማን እንደ ሆኑ ለመገመት የሚሽቀዳደም ነው። ግምት ግን ያው ግምት ነው። ከዘገባ ወደ ልቦለድ የተሸጋገረበትን መንገድ ሊያሳይ የሚችለው የደራሲው የሥራ ወረቀት ነበር።

ወደ ቤተሰቦች ልምጣ። በእኛ ዘንድ የደራሲ ቅርስ ሲለገስ የሚታየው ሜዳልያው፣ ብዕሩ፣ መነጽሩ፣ በፍሬም የገባ ፎቶግራፉና የታተሙ መጽሐፎቹ ናቸው። እነዚህ ለሙዚየም ያምራሉ፤ ለአጥኚ ግን እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የላቸውም። አንዲት የደራሲ ባለቤት ወረቀቶቹ የት እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ «ጥሩ ጥሩውን መርጬ አስቀምጬልሃለሁ ልጄ፤ የተሰራረዘውን፣ የተቀዳደደውን ግን ለምን ሰው ይይብን ብዬ አቃጠልኩት» አሉኝ። ያሳዩኝ በሚያምር እጅ የተገለበጠ ንጹሕ ቅጂ ነበር፤ ከታተመው መጽሐፍ በአንድ ቃል አይለይም። እኒህን ሴት መውቀስ አይቻልም። የተሰራረዘ ወረቀት ነውር አለመሆኑን፣ እንዲያውም ዋናው ሀብት እሱ መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ከነውሩም በላይ ፍርሃት አለ። በደርግ ዘመን አንድ ብጣሽ ወረቀት ሰው ያሳስር ስለነበር ብዙዎች የገዛ ደብተራቸውን በእጃቸው አቃጥለዋል ወይም ቀብረዋል፤ ልማዱ ሥርዐቱ ካለፈም በኋላ አልለቀቀንም። ደብዳቤ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ስም ይነሣል፤ የትዳር ነገር ይነሣል። ለዚህ መፍትሔው ማቃጠል አይደለም። ሰጪው የተወሰነው ክፍል ለሃያ ወይም ለሠላሳ ዓመት ታሽጎ እንዲቀመጥ በስጦታው ውል ላይ ሊያስጽፍ ይችላል። ወረቀቱን መስጠትም የደራሲነትን መብት መስጠት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ቤተሰቡ ሣጥኑን ሰጥቶ የማሳተም መብቱን ሊያስቀር ይችላል፤ ይህ ግን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

ተቀባዩ ወገንስ? በ1963 (እ.ኤ.አ.) ተቋቁሞ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቀመጠው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ወመዘክርም አለ። ቦታ የለም ማለት አያስኬድም። የጎደለው ሌላ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአንድ ጸሐፊ ወረቀት ደርሷል ሲሉኝ ሄጄ፣ ደብዳቤዎቹ ለብቻ፣ ጽሑፎቹ «በየርእሳቸው» ለብቻ ተበታትነው አገኘኋቸው። ደራሲው ከአንድ ምዕራፍ ረቂቅ ጋር በአንድ ማኅደር ያኖረው ደብዳቤ ከዚያ ማኅደር ሲወጣ ከምን ጋር ይነበብ እንደነበር አይታወቅም። ባለቤቱ ባስቀመጠበት ቅደም ተከተል ማቆየት የመዝገብ ሥራ ሀሁ ነው። ለሰጪው ዝርዝር የያዘ ደረሰኝ መስጠትም እንዲሁ።

አንዳንዶች «ታዲያ ውጭ አገር ይሂድ» ይላሉ። የቺኑዋ አቼቤ ረቂቆች በሐርቫርድ ናቸው፤ የገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ወረቀቶች በ2014 (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ ገብተዋል። የእኛም ጸሐፍት ብዙዎቹ በዋሽንግተንና በአውሮፓ ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ አማርኛ አያነቡም፤ ሣጥኑ ከምድር ቤት ወደ ቆሻሻ ቢወጣ የሚያየው የለም። ከዚህ ሁሉ በሥርዐት የተያዘ የባዕድ ቤተ መጻሕፍት ይሻላል፤ ይህን ስል ደስ ብሎኝ አይደለም። ሆኖም ተነባቢ ቅጂው አዲስ አበባ እንዲቀመጥ በውሉ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ የአማርኛ ልቦለድ ረቂቅ ለማየት ቪዛ የሚለምን ተመራቂ ተማሪ ይኖረናል።

ጊዜ የማይሰጠው ጉዳይ ግን ኮምፒውተር ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት አጋፋሪን፣ ፓወር ግእዝንና ቪዥዋል ግእዝን በመሳሰሉ እርስ በርስ በማይግባቡ ፕሮግራሞች የተጻፈ ረቂቅ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የሥርዐተ ነጥብ ክምር ሆኖ ይታያል። ዲስኬቱ ቢገኝም ማንበቢያው የለም። በእነዚያ ዓመታት የጻፉ ደራስያን ብዙዎቹ አሉ፤ የትኛው ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጻፈ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። አሁኑኑ ተጠይቀው፣ ማስታወሻው ከዲስኬቱ ጋር ተያይዞ፣ የሚታተመውም ታትሞ በወረቀት መቀመጥ ይኖርበታል።