ማውጣት ሌላ፥ ማኖር ሌላ

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ይህ ቃል የተነገረው ለካህን ቢሆንም፥ በጦርነት ዘመን ባሕር የዋጣቸውን አይሮፕላኖች ለማውጣት ለሚጣደፉ ሰዎችም የሚስማማ ምክር ሆኖ አግኝተነዋል። የሰጠመው አይሮፕላን ተስቦ ከውኃው በላይ ብቅ ባለ ጊዜ ተመልካች ያጨበጭባል፤ ጋዜጦች ፎቶግራፉን ያወጣሉ፤ ሥራውም የተፈጸመ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው በዚያች ሰዓት ነው።

ለዚህ በእንግሊዝ አገር የተደረገውን እንደ ምሳሌ እንመልከት። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዶርኒየር 17 የተባለ አንድ የጀርመን ቦምብ ጣይ፥ እንደሚታመነው ኦገስት 26 ቀን 1940 ተመትቶ፥ ከኬንት ጠረፍ ወዲያ ጉድዊን ሳንድስ በሚባለው የአሸዋ ደለል ላይ ወደቀ። ከአራቱ በራሪዎች ሁለቱ ሞቱ፤ ሁለቱም ተማረኩ። አይሮፕላኑ ተገልብጦ ከ70 ዓመት በላይ በባሕር ውስጥ ኖረ። የዚህ ዓይነት አይሮፕላን ከ2000 በላይ ተሠርቶ ሳለ፥ አካሉ ይህን ያህል ሳይጎድል የተገኘ ሌላ አይታወቅም።

የእንግሊዝ አየር ኃይል ቤተ መዘክር ይህን አይሮፕላን ጁን 10 ቀን 2013 ከባሕር አወጣው። አስቀድሞ የታሰበው በዙሪያው የአሉሚኒየም ድጋፍ ሠርቶ ለማንሣት ነበር። ነፋስና ማዕበል ጊዜውን ስለ በሉት ግን ያ አሳብ ቀርቶ፥ ጠንካራ በሆኑት የአካሉ ክፍሎች ላይ ገመድ ታስሮ ተነሣ። ያረጀን ብረት በዚህ መንገድ ማንሣት አደገኛ ነውና፥ ይህን ለውጥ እንደ መልካም አርአያ አንቆጥረውም።

የምናመሰግነው ግን ሌላውን ዝግጅት ነው። አሉሚኒየም ከባሕር በወጣ ጊዜ በውስጡ የተሸሸገው ጨው ከአየርና ከእርጥበት ጋር ተባብሮ ይበላዋል፤ በባሕር ውስጥ ብዙ ዘመን የቆየው ዕቃ በየብስ ላይ በጥቂት ጊዜ ይፈራርሳል። ስለዚህ የሎንዶን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሊቃውንት መድኃኒቱን ቀድመው አጥንተው ነበር። አይሮፕላኑ ኮስፎርድ በደረሰ ጊዜ ለእርሱ በተዘጋጁ ረጃጅም ዳሶች ውስጥ ገባ፤ በዚያም በሎሚ ውስጥ ከሚገኘው ሲትሪክ አሲድ የተሰናዳ ውኃ ሳያቋርጥ ይረጭበት ጀመር። ይህ ጨውንና የባሕር ዝቃጭን በዝግታ የሚያጥብ፥ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የሚያጨበጭብለትም የለም።

ቀድሞ የማወቅን ጥቅም የሚያስረዳ ሌላ ነገር በ2012 በጀርመን ሆኗል። በሩገን ደሴት አጠገብ ስቱካ የተባለው አይሮፕላን ነው ተብሎ ስብርባሪው ከወጣ በኋላ፥ ዩንከርስ 88 ሆኖ ተገኘ። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቢሳሳት አንፈርድበትም፤ ነገር ግን የያዙትን ሳያውቁ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ እንማራለን።

«ሙታን ባረፉበት ይተዉ» የሚሉም አሉ። አስከሬን ያለበት ስብርባሪ መቃብር ነውና አሳባቸውን እናከብራለን፤ እንግሊዞችም የ1986 ሕጋቸው በጦርነት የወደቀን አይሮፕላን ያለ ፈቃድ መንካትን ይከለክላል። ዳሩ ግን የጉድዊን አሸዋ አንድ ጊዜ ይሸፍናል፥ አንድ ጊዜ ይገልጣል፤ የተገለጠውንም ማዕበል ይሰባብረዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ መተውም ራሱ ማጥፋት ነው።

ከዚህም ሌላ ቤተ መዘክሩ አይሮፕላኑን እንደ አዲስ ቀለም ቀብቶ ለማሳመር አለመነሣቱን እንደግፋለን። የተጎዳው አካል የዚያን ቀን ምስክር ነው፤ ቢታደስ ግን ምስክርነቱ ይጠፋል። ሊደበድበው የመጣውን መሣሪያ ገንዘብ አውጥቶ የሚጠብቅ ሕዝብም፥ ታሪክን ከቂም ለይቶ ማየቱን ያሳያል።

እንግዲህ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም፥ ክሬኑ ከመቅረቡ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ማን ይጠብቀዋል? በምን ዕውቀት? ለስንት ዓመትስ በሚበቃ ገንዘብ? መልስ ካልተገኘ አሸዋው ለጊዜው ከእኛ የተሻለ ጠባቂ ነው።